አባሮሽ፣ ገመድ ዝላይ ወይስ ዱላ ቅብብል? ለስፖርት ክፍለ ጊዜ ጨዋታ አመራረጥ

ስድሳ ተማሪ፣ አንድ ኳስ፣ 40 ደቂቃ። ብዙ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ያላቸው ይኸው ነው። ኳሷ ለ22 ልጆች ትሰጣለች፣ 38ቱ ዳር ይዘው ይጮኻሉ። ከ22ቱም ቢሆን ኳስ የሚነኩት ስድስት ሰባት ቀልጣፎች ናቸው፤ የቀሩት ወዲያና ወዲህ ሲሉ ፊሽካ ይነፋል። ሜዳው ከሩቅ ላየው ደምቋል፤ ላብ ያወጣው ልጅ ግን በጣት ይቆጠራል።

ስለዚህ እዚህ ጨዋታዎቹን የምናወዳድረው ከሁሉ በፊት በአንድ ጥያቄ ነው፦ መካከለኛ አቅም ያለው ልጅ በዚህ ጨዋታ ስንት ደቂቃ ይንቀሳቀሳል? ፈጣኑ ልጅ በየትኛውም ጨዋታ ስለሚሮጥ ለመለኪያ አይሆንም። ማወቅ ከፈለጉ ከመካከለኞቹ አንዷን ተማሪ በዓይን ይያዙና ለአምስት ደቂቃ በእጅ ሰዓት ይከታተሏት፤ የሮጠችበትን ሰከንድ ብቻ ይደምሩ። ድምሩ ብዙ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ሆኖ ያስደነግጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል። መካከለኛ የሚባለው ልጁ እየተንቀሳቀሰ ማውራት ችሎ መዝፈን ሲያቅተው ነው። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ብቻውን ይህን አይሞላም፤ የራሱን ደቂቃ ግን ማባከን የለበትም።

40 ደቂቃውም ቢሆን ሙሉ 40 አይደለም። ከክፍል ወጥቶ ለመሰለፍና ስም ለመጥራት 5፣ ለማሟሟቂያ 5፣ ለማብራሪያ 3፣ ለማቀዝቀዣና እጅ ለመታጠብ 5 ደቂቃ ሲቀነስ ለጨዋታ የሚተርፈው 22 ደቂቃ ያህል ነው። ሕጉን ለማስረዳት ሰባት ስምንት ደቂቃ የሚፈጅ ጨዋታ ምንም ያህል ቢያምር ገና ከመጀመሩ ተሸንፏል።

ከዚህ በታች ያለው ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ነው። ስሌቱን በ60 ተማሪ ሠርተነዋል፤ የእርስዎ ክፍል 40 ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፣ ቁጥሩን በዚያው ልክ ይቀንሱ።

አባሮሽ እና ዘመዶቹ

በደቂቃ ስሌት አባሮሽን የሚስተካከለው የለም። ዕቃ አይፈልግም፣ ማብራሪያው ግማሽ ደቂቃ ነው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሮጣል። የሚበላሸው አባራሪው አንድ ብቻ ሲሆን ነው። አንድ ልጅ 59 ልጆችን ሲያባርር አንዱ ጥግ ይታመሳል፣ ሌላው ጥግ ላይ 40 ልጅ ቆሞ ያወራል። ለስምንት ወይም ለአሥር ልጅ አንድ አባራሪ ይመድቡ፤ ለ60 ስድስት ወይም ሰባት ይሆናሉ። ከሩቅ እንዲለዩ ክንዳቸው ላይ ቁራጭ ጨርቅ ይሰሩ። በየሁለት ደቂቃው ፊሽካ ይንፉና አባራሪዎቹን ይቀይሩ። ከዚያ በላይ ያባረረ ልጅ ይደክምና ማንንም መያዝ ያቅተዋል፤ ያኔ ሳቁ ወደ እሱ ይዞራል።

የሜዳው ስፋት ወሳኝ ነው። ለ30 ልጅ 20 ሜትር በ20 ሜትር፣ ለ60 ልጅ 30 በ30 ይበቃል። ከዚህ ከጠበበ ግንባር ለግንባር መጋጨት ይመጣል፤ በጣም ከሰፋ ደግሞ ማምለጥ ስለሚቀል ልጆቹ መሮጣቸውን ትተው መራመድ ይጀምራሉ። ወሰኑ ከግድግዳ፣ ከአጥርና ከባንዲራ መስቀያው ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቅ፤ የሚሮጥ ልጅ መስመሩ ላይ ሲደርስ ወዲያው አይቆምም።

የተነካው ልጅ ምን ይሆናል የሚለው አባሮሽን አባሮሽ የሚያሰኘው ወይም የሚገድለው ጉዳይ ነው። የተነካ ይወጣል ከተባለ መጀመሪያ የሚወጡት መንቀሳቀስ በጣም የሚያስፈልጋቸው፣ ወፍራሞቹና ዘገምተኞቹ ናቸው። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ዳሩን ይመልከቱ፤ ሁልጊዜ እነዚያው ልጆች አፈር እየጫሩ ተቀምጠዋል። ይህን ሕግ ጨርሶ ይተዉት። የተነካ አባራሪ ይሆናል ሲባል ጨዋታው ሦስት አራት ደቂቃ ውስጥ ስለሚያልቅ ለማሟሟቂያ ጥሩ ነው። ለዋናው ጊዜ የምንመርጠው ሦስተኛውን ነው፦ የተነካ እጁን ዘርግቶ ባለበት ይቆማል፣ ያልተነካ ጓደኛው መጥቶ ሁለት መዳፉን ሲመታለት ይፈታል። በተቆመው ልጅ እግር መሃል ሾልኮ ማስፈታት በአንዳንድ ቦታ የተለመደ ቢሆንም ጠጠር በበዛበት ሜዳ ጉልበት ይልጣል፣ ቀሚስ የለበሱ ልጃገረዶችንም ያሳፍራል።

ሌባና ፖሊስ የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ልጆቹ ከአባሮሽ አስበልጠው ይወዱታል። ችግሩ እስር ቤቱ ነው። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ከሌቦቹ ግማሹ ታስሮ ተቀምጧል፣ ፖሊሶቹም የሚያባርሩት አጥተው እስረኛ ይጠብቃሉ። መፍትሔው እስር ቤቱን ማጥበብ ነው። ከሦስት እስረኛ በላይ አይያዝ፤ አራተኛው ሲገባ መጀመሪያ የገባው በራሱ ይለቀቃል። ሌቦቹ ከሕንፃ ጀርባ እንዳይሰወሩ ወሰኑን በኖራ ወይም በአመድ ያስምሩ። በዚህ መልክ ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ይሠራል። ለ1ኛ ክፍል ልጆች ግን ሁለት ቡድን፣ እስርና ማስፈታት አንድ ላይ ይበዛባቸዋል፤ ማን ሌባ ማን ፖሊስ እንደሆነ በሁለተኛው ደቂቃ ይጠፋባቸዋል።

ኩኩሉ ደስ የሚል የሰፈር ጨዋታ ነው፤ ለክፍለ ጊዜ ግን አይመረጥም። የተደበቀ ልጅ አይንቀሳቀስም፣ መምህሩም አያየውም።

በክብ የሚጫወቱት

ድመትና አይጥ እንዲሁም መሐረቤን ያያችሁ በአንደኛ ደረጃ ሜዳዎች የማይጠፉ ናቸው። ድምፃቸው ብዙ፣ እንቅስቃሴያቸው ትንሽ ነው። 60 ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዞ አንድ ክብ ሲሠራ ድመቱና አይጡ ይሮጣሉ፣ 58ቱ እጅ ከማንሳትና ከማውረድ በቀር ሥራ የላቸውም። መሐረቤን ላይ ደግሞ በ70 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተቀመጡ 60 ልጆች 42 ሜትር ዙሪያ ያለው ክብ ይሠራሉ። መሐረብ ያዡ ዞሮ ጥሎ፣ ተባሮ እስኪቀመጥ ግማሽ ደቂቃ ይሄዳል። በ20 ደቂቃ 40 ዙር፤ አንድ ልጅ አንዴ ቢደርሰው ነው፣ የሚሮጠውም ለአሥራ ጥቂት ሰከንድ።

ይሁንና መጣል የለባቸውም። ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ተራ መጠበቅን፣ ዘፈን ተከትሎ መነሳትን፣ አቅጣጫ መቀየርን የሚያስተምር እንደ መሐረቤን ያለ ጨዋታ አይገኝም። ክቡን ይክፈሉት። 12 ልጅ ያለበት አምስት ክብ ይሥሩ፣ በልጆቹ መካከል አንድ ሜትር ያህል ይተዉ፣ በአንዱ ክብና በሌላው መካከል ደግሞ አራት ሜትር ይኑር። ክቡ ከ10 ልጅ ካነሰ ዙሪያው ይጠብና ሯጩ ሲታጠፍ ይንሸራተታል። መሐረብ የሚጥለው ልጅ ሁልጊዜ ጓደኛውን እየመረጠ ስለሚጥል የማይደርሳቸው ልጆች ይኖራሉ፤ አንዴ የደረሰው እግሩን አጣጥፎ፣ ያልደረሰው ዘርግቶ ይቀመጥ ቢባል ማን እንደቀረ በግልጽ ይታያል።

ድመትና አይጥን እኛ የምንቀይረው በጭልፊትና ጫጩቶች ነው። አምስት ልጆች የፊተኛቸውን ወገብ ይዘው ይሰለፋሉ፤ መሪዋ እናት ዶሮ ናት፣ እጇን ዘርግታ ጭልፊቱን ትከላከላለች። ጭልፊት የሆነው ስድስተኛው ልጅ የመጨረሻውን ጫጩት ለመንካት ወዲያና ወዲህ ይላል። ስድስቱም ያለማቋረጥ ይንቀሳቀሳሉ፤ 30 ሰከንድ ከባድ ሥራ ስለሆነ ከዚያ ፊሽካ ይነፋና ተራ ይለወጣል። ሰልፉን አያርዝሙት። ስምንትና አሥር ልጅ ሲያያዝ መሪዋ አንድ እርምጃ ስትዞር ጭራው ላይ ያለው ልጅ አምስት ስድስት እርምጃ ይወረወራል፤ ጭራው ላይ የሚቆመው ደግሞ ሁልጊዜ ትንሹ ልጅ ነው።

ዱላ ቅብብል

ይህ በአደረጃጀት ብቻ ከመጥፎ ወደ በጣም ጥሩ የሚለወጥ ጨዋታ ነው። 20 ሜትር ሄዶ ለመመለስ አንድ ልጅ 12 ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። 60 ልጆችን በሁለት ሰልፍ ካቆሟቸው በአንድ ሰልፍ 30 ይሆናሉ፤ ሁሉም አንዴ ሮጠው ለመጨረስ ስድስት ደቂቃ ይሄዳል። በስድስት ደቂቃ አንድ ልጅ የሮጠው 12 ሰከንድ። ሰልፉን አሥር ካደረጉትና በየሰልፉ ስድስት ልጅ ካቆሙ ዙሩ በ72 ሰከንድ ያልቃል፤ በዚያው ስድስት ደቂቃ እያንዳንዱ ልጅ አምስት ጊዜ ወጥቶ 60 ሰከንድ ይሮጣል። ሜዳው ያው፣ ልጁ ያው፣ ሩጫው አምስት እጥፍ። ሁለት ሰልፍ የሚመረጠው ማን እንዳሸነፈ ለማየት ስለሚመች ብቻ ነው።

ዱላ መግዛት አያስፈልግም። በዓለም አቀፍ ውድድር የሚያዘው ዱላ ርዝመቱ ከ28 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ50 ግራም የማያንስ ነው፤ የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ 30 ሳንቲ ሜትር እየቆረጡ ጫፉን በአሸዋ ወረቀት ማለስለስ ይበቃል። ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ዱላው ሐሳባቸውን ስለሚወስደው መዳፍ መምታት ይሻላል።

ግጭቱ የሚፈጠረው መቀባበያው ላይ ነው። ተመላሹ በሙሉ ፍጥነት ይመጣል፣ ተቀባዩ ጓጉቶ መስመሩን አልፎ ይወጣል፣ ፊት ለፊት ይላተማሉ። አንድ ሕግ ይበቃዋል፦ ተመላሽ ሁልጊዜ በሰልፉ በስተቀኝ ይመጣል፣ ተቀባይ ቀኝ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ከመስመሩ ጀርባ ይጠብቃል፣ ያስረከበው ቀጥ ብሎ ወደ ሰልፉ ጭራ ያልፋል። መታጠፊያውን ግድግዳ አያድርጉት፤ ግድግዳ ነክቶ መመለስ የእጅ አንጓ ይጎዳል። ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያቁሙና ይዙሩት።

ዝግተኛው ልጅ በቅብብል ላይ በግልጽ ይታያል፣ ቡድኑም ይቆጣዋል። ስለዚህ ቡድኖቹ እርስ በርስ ከሚወዳደሩ የራሳቸውን ሰዓት ቢያሻሽሉ እንመርጣለን፦ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ተመላለሳችሁ? በሚቀጥለው ዙር በአንድ ጨምሩ። የመጀመሪያው ቡድን ሲጨርስ ጨዋታው የሚቆም ከሆነ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቡድኖች ሁለተኛ ዙር ላይ በልባቸው አይሮጡም።

ገመድ፣ ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞ

ሜዳ ለሌለው ትምህርት ቤት ምርጫው እዚህ ነው። ገመድ ዝላይ ለአንድ ልጅ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ቦታ ብቻ ይፈልጋል፤ በረንዳ ላይም ይሆናል፣ ዝናብ አይከለክለውም። በልብና በሳንባ ሥራ ደግሞ ከሩጫ አያንስም።

የገመዱ ርዝመት የሚለካው በልጁ ነው። ልጁ ገመዱን መሃሉን በአንድ እግሩ ይረግጣል፣ ሁለቱን ጫፎች ወደ ላይ ይስባል፤ ጫፎቹ ብብቱ ላይ ከደረሱ ልክ ነው። በግርድፉ ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል 2 ሜትር፣ ለ3ኛና ለ4ኛ 2.20፣ ለ5ኛና ለ6ኛ 2.40 ይሆናል። ገመዱ ሲረዝም መሬት ላይ ተጎትቶ ይጠማዘዛል፤ ሲያጥር ልጁ ጎንበስ ብሎ ይዘላል፣ ወገቡን ያመዋል። የሚቀለው ቀጭን የናይለን ገመድ ነፋስ ይወስደዋል፤ የቃጫ ገመድ ክብደት ስላለው አዟዟሩ ይሻላል፣ ጫፉ እንዳይተረተር ግን ይቋጠር። ቀጭኑን ናይለን ብቻ ካገኙ መሃሉ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ጨርቅ ይጠምጥሙበት፤ ክብደት ያገኛል።

30 ገመድ ካለ ሁለት ሁለት ልጅ ይያዝ፦ አንዱ 30 ሰከንድ ይዘላል፣ ሌላው ይቆጥራል፣ ይለዋወጣሉ። በ20 ደቂቃ እያንዳንዱ 10 ደቂቃ ዘለለ ማለት ነው። 20 ገመድ ካለና በሦስት ከተከፈለ ወደ 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይወርዳል፤ ያም ቢሆን ከኳሷ ክፍለ ጊዜ በብዙ ይበልጣል። ለጀማሪዎች ረጅሙን፣ 5 ሜትር የሆነውን ገመድ ያስቀድሙ። መጀመሪያ መሬት ላይ እንደ እባብ ያወዛውዙትና ይዝለሉት፣ ቀጥሎ ሳይዞር ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ፣ በመጨረሻ ሙሉ ይዙር። ገመድ መዝለል አልችልም የሚሉ ልጆች አብዛኞቹ የሚቸገሩት መዝለሉ ላይ አይደለም፤ እጅና እግር እኩል አይሄድላቸውም። ረጅሙ ገመድ የእጁን ሥራ ለሌላ ሰው ስለሚሰጥ እግሩን ብቻ ይለማመዳሉ።

ዝላዩ ዝቅተኛ ይሁን፣ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር። በእግር መዳፍ ፊተኛው ክፍል አርፎ ጉልበት መለስለስ አለበት። ሲሚንቶ ላይ 20 ደቂቃ ያዘለሉት ልጅ በማግስቱ ባቱን ይዞ ይመጣል፤ ሲሚንቶ ብቻ ካለ አሥር ደቂቃ ይብቃ።

ሱዚ ሦስት ልጅና አንድ ላስቲክ ነው። ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ጣት በሚያህል ስፋት እየቆረጡ መቀጠል ይቻላል፤ ቋጠሮው እንዳይላቀቅ በመርፌ ይሰፋ። ከቁርጭምጭሚት ይጀመራል፣ ወደ ጉልበት፣ ወደ ጭን ይወጣል። ከጭን በላይ ማውጣት ረጃጅሞቹን ብቻ ይጠቅማል። ሁለቱ ላስቲክ ያዦች ስለሚቆሙ የእንቅስቃሴ ደቂቃው ከገመድ ያንሳል፤ በጨዋታ ዓይነትና በብልሃት ግን ይበልጣል። ወንዶቹ የሴት ጨዋታ ነው ብለው ይሸሹታል። ማን ይጫወታል ብለው አይጠይቁ፤ በተራ ቁጥር ከፍለው ሦስት ሦስቱን ይመድቡ፣ ሌሎች ቡድኖችም እኩል እንዲጀምሩ ያድርጉ። ሁሉም የሚሠራውን ማንም አይስቅበትም።

ሰኞ ማክሰኞ ሚዛን፣ በአንድ እግር ማረፍና ማነጣጠር ያስተምራል፤ ላብ ግን አያወጣም። ቤቶቹ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይሁኑ፣ የሚጣለው ድንጋይ ጠፍጣፋና መዳፍ ውስጥ የሚገባ። በአንድ ሥዕል አምስት ልጅ ሲሰለፍ አራቱ ይቆማሉ። ሁለት ማሻሻያ አለ፦ የፊተኛው አራተኛው ቤት ሲደርስ ቀጣዩ ይጀምር፤ ዝላዩም በሁለቱም እግር ተራ በተራ ይሁን፣ አለዚያ ልጁ የለመደውን አንድ እግር ብቻ ያጠነክራል። ከአባሮሽ ወይም ከቅብብል በኋላ ለሰባት ስምንት ደቂቃ እንደ ማቀዝቀዣ ሲሰጥ ቦታውን ያገኛል።

ኳስ ካለ፣ ኳስ ባይኖርም

አንዷ የቆዳ ኳስ ለ60 ልጅ ስለማትበቃ ቁጥሩን በጨርቅ ኳስ መሙላት ነው። አንድ አሮጌ ካልሲ፣ ሁለት ፌስታል፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይበቃል። ፌስታሎቹ ተጨማደው ብርቱካን እስኪያህሉ ይጠቀለላሉ፤ ጨርቁ በላያቸው ላይ ይጠመጠማል፣ በእያንዳንዱ ዙር ኳሱን ሩብ ያህል እያዞሩ፣ አለዚያ እንቁላል ይመስላል። ከዚያ ካልሲው ውስጥ ይገባል፤ የካልሲው አፍ ይጠመዘዝና ተገልብጦ መልሶ ኳሱን ያለብሰዋል፣ ካልሲው እስኪያልቅ ይደጋገማል፣ ጫፉ ይሰፋል። ለመወርወር 10 ወይም 12 ሳንቲ ሜትር፣ ለመርገጥ 15 ወይም 18 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። ወረቀት አይሙሉበት፤ አንዴ ከረጠበ ሊጥ ይሆናል። በላዩ በሲባጎ የታሰረ ኳስም ሲጫወቱበት ይፈታል፣ ጣትም ይቆርጣል።

በዚህ ኳስ ሦስት ጨዋታ እናወዳድር። አሥር ቅብብል፦ አምስት ለአምስት፣ 15 በ15 ሜትር ሜዳ፣ ኳስ ይዞ መሮጥ ክልክል፤ አንዱ ቡድን ኳሷ ሳትወድቅና ሳትነጠቅ አሥር ጊዜ ከተቀባበለ አንድ ነጥብ። 60 ልጅ ስድስት ሜዳ ይሞላል፣ ዳር የሚቀር የለም። ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ ከኳስ ጨዋታዎች ሁሉ የምናስቀድመው ይህን ነው። ለ3ኛ ክፍል አምስት ቅብብል ይበቃል፣ አሥሩ ስለማይሞላላቸው ይሰለቻሉ።

ሁለተኛው በኳስ የመምታትና የማምለጥ ጨዋታ ነው፤ ሁለት ወርዋሪ በሁለት ጫፍ፣ አምላጮች መሃል። የጨርቅ ኳስ ብቻ፣ ከወገብ በታች ብቻ። ፊት የመታ ወርዋሪ ቦታውን ይለቃል። የተመታ ከወርዋሪው ጋር ቦታ ይለዋወጥ እንጂ አይውጣ። ስምንት ልጅ ከያዘ ጥሩ ነው፤ 15 ልጅ መሃል ካለ ወርዋሪው ሳያነጣጥር ወርውሮ ይመታል፣ አምላጩም መደበቂያ ያገኛል።

ሦስተኛው እግር ኳሱ ራሱ። አምስት ለአምስት፣ 20 በ12 ሜትር፣ ግቡ አንድ ሜትር ተኩል፣ ግብ ጠባቂ የለም። ግብ ጠባቂ ሲኖር ቆሞ የሚውለው ደካማው ልጅ ነው። ሴቶችና ወንዶች ሲቀላቀሉ ኳሷ ወደ ሴቶቹ እንደማትሄድ የታወቀ ነው፤ ግብ ከመቆጠሩ በፊት ሦስት የተለያዩ ልጆች ኳሷን ይንኩ የሚል ሕግ ችግሩን ያቀለዋል፣ ጨርሶ አያጠፋውም።

ለበዓል የሚቀመጡ

ገመድ ጉተታ ከ1900 እስከ 1920 እ.ኤ.አ. የኦሊምፒክ ውድድር ነበር፤ ክብሩ ያለ ነው። ለሳምንታዊ ክፍለ ጊዜ ግን አይመችም። አንድ ጉተታ በ20 ወይም በ30 ሰከንድ ያልቃል፣ በአንድ ገመድ ላይ የሚያዙት በየጎኑ ስምንት ልጆች ናቸው፣ 44ቱ ያጨበጭባሉ። አደጋውም ቀላል አይደለም። ገመድን እጅ፣ ጣት ወይም ወገብ ላይ መጠምጠም ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ገመዱ በድንገት ሲሳብ ሥጋ ይዞ ይሄዳል። ቀጭን ናይለን ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ተመልሶ ይመታል። ለውድድር የሚውለው ገመድ ዙሪያው ከ10 ሳንቲ ሜትር አያንስም፤ ዕቃ ማሰሪያ ገመድ ይህን አይተካም። ከ5ኛ ክፍል በታች አናስገባውም።

የጆንያ ሩጫ ላይ ማዳበሪያ ከረጢት ሲሚንቶ ላይ እንደ በረዶ ይንሸራተታል፤ ቃጫው ጆንያ፣ ሣር ሜዳ፣ 10 ሜትር ይበቃል። ሎሚ በማንኪያ ያስቃል፣ አያሯሩጥም። የገና ጨዋታ በዱላ ስለሆነ በተጨናነቀ የትምህርት ቤት ሜዳ አይታሰብም፤ ሰፊ ቦታና ሁለት ተቆጣጣሪ ካለ ብቻ ይሞከር።

የትኛውን ለየትኛው

ሰፊ ሜዳ ኖሮ ዕቃ ከሌለ ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ጭልፊትና ጫጩቶች 8 ደቂቃ፣ አባሮሽ በመፍታት 8 ደቂቃ፣ ቀሪውን መሐረቤን በትናንሽ ክብ። ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል አባሮሽ 7 ደቂቃ፣ አሥር ሰልፍ ቅብብል 8 ደቂቃ፣ ሰኞ ማክሰኞ ለማቀዝቀዝ።

ሜዳው ጠባብ ወይም ሲሚንቶ ከሆነ አባሮሽን ይተዉ። ክፍሉን ለሦስት ከፍለው 20 ልጅ ገመድ፣ 20 ሱዚ፣ 20 ሰኞ ማክሰኞ ላይ ያድርጉና በየሰባት ደቂቃው ያዙሩ። ገመድ እጥረት ካለብዎ ይህ አከፋፈል ይረዳል፣ አሥር ገመድ ብቻ ይበቃል።

ፀሐይ ከበረታ፣ በተለይ እንደ ድሬዳዋ፣ ጋምቤላና ሰመራ ባሉ ቦታዎች፣ ወደ 6 ሰዓት የተጠጋ ክፍለ ጊዜ ላይ ቅብብልን ከአባሮሽ ያስቀድሙ፤ በቅብብል ውስጥ ማረፊያ አለ። ከፍታ ላይ፣ አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ከቆላ አዲስ የመጣ ልጅ ቶሎ ቢያለከልክ ስንፍና አይደለም። ሜዳው አቧራ ከሆነ ከጨዋታው በፊት ውሃ ይርከፈከፍ፤ አስም ያለበት ልጅ መጀመሪያ የሚያስለው አቧራው ነው።

ጫማ ይመልከቱ። ሸበጥ ያደረገ ልጅ በአባሮሽ ላይ ሁለተኛው መታጠፊያ ሳይደርስ ይወድቃል። ጠርሙስና ጠጠር የሌለበት ሣር ከሆነ በባዶ እግር ይሮጥ፤ ካልሆነ ቡድኑን ወደ ረጅሙ ገመድ ያዛውሩት፣ ለብቻው አያስቀምጡት። ሜዳውን ከጨዋታው በፊት ልጆቹ በአንድ መስመር ተሰልፈው እየተራመዱ ድንጋይና ስባሪ ይልቀሙ፤ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፣ ማሟሟቂያም ይሆናል።

ቁርስ ሳይበላ የመጣ ወይም የሚጾም ልጅ በየክፍሉ አለ። ከመጀመርዎ በፊት ማን እንደሆነ በጉባኤ አይጠይቁ፤ ሩጫውን አጭርና ዕረፍት ያለው ያድርጉት፣ ፊቱ የገረጣ ወይም ጭንቅላቱን የያዘ ልጅ ካዩ ጥላ ሥር አስቀምጠው ውሃ ይስጡት። የሚጾም ልጅ ውሃ አልቀበልም ካለ ያን ቀን ቆጣሪ ይሁን።

መሮጥ የማይችል ልጅን ሁልጊዜ ፊሽካ ነፊ ማድረግ የተለመደ ነው፤ አንድ ሁለቴ ያስደስተዋል፣ ከዚያ ከጨዋታው መውጣት እንደሆነ ይገባዋል። በክራንች የሚሄድ ልጅ በአሥር ቅብብል ላይ ከአንድ ቦታ ማንም የማይነጥቀው አቀባይ መሆን ይችላል፤ ለሁለቱም ቡድን ያቀብል። ረጅሙን ገመድ ተቀምጦም ማዞር ይቻላል፣ ትከሻን በደንብ ያሠራል። ማየት የሚቸገር ልጅ አባሮሽ ላይ ከጓደኛው ጋር አጭር ጨርቅ በጋራ ይዞ ይሩጥ፤ ጥንዶቹን የሚያባርረው አባራሪም እንዲሁ ጥንድ ይሁን። ለዚህ በሙሉ ፍጥነት ከመጀመራቸው በፊት ሁለቱ ሜዳውን አንዴ እየተራመዱ ይዙሩት።